ከደጄ የተገተረው የጣሊያን መኪና

ኤዲያ! አልነሳ ያለ ሞተር እንደሚያደክም ምን አለ? የተኛ በሬ እንኳ ጭራውን ሲጠመዝዙት ይነሳል። የሞተር ምኑ ይጠመዘዛል?

በጣሊያን ጊዜ ነው። ወታደር የጫነ መኪና በአምበር መንገድ ባለፈ ቁጥር እኛ ሴቶቹ "እመብርሃን፣ ስበሪው!" እንል ነበር። አንድ ቀን ሰማችንና ሰበረችው። የት? ከኔ ደጃፍ! ያውም አርበኛው ባለቤቴ ስንቅ ሊወስዱ ከጫካ በመጡበት ቀን። የት ላድርጋቸው? ከጤፉ ጎታ ከተትኋቸውና ክዳኑን ገጠምሁ። ከተገኙ ስቅላት ነው።

ወታደሮቹ ጥላ ፍለጋ ቤቴ ገብተው ተዘረሩ። አንዱማ ጎታውን ተደገፈ! ባለቤቴን ደግሞ የጤፉ አቧራ ያስላቸዋል። እሳቸው እህ ሲሉ እኔ ኡህ ኡህ እላለሁ። ጉሮሮዬ ተላጠ። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ሳልሽ ይጋባል እንዴ?" አለኝ። "ይጋባል እንጂ ጌታዬ፣ እናቴንም የገደላት እሱ ነው" አልሁት። እናቴ ከጓሮ ጎመን ትቀነጥሳለች፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሁሉም ተሽቀዳድመው ወጡ። ከቤት ወጡ እንጂ ከደጅ መች ወጡ?

ሹፌሩ ከመኪናው አፍንጫ ብረት ሰክቶ ያሽከረክራል። ሞተሩ ያቃስታል፣ ያቃስታል፣ ዝም። ጣት የምታህል ብረት ፈትቶ ጥላሸቷን በሸሚዙ ጠርጎ መለሳት። አሁንም ያቃስታል፣ ዝም። እሱ ሲያዞር እኔ ደከምሁ። ጀንበር አዘቀዘቀች። ከመሸ ሊያድሩ ነው፤ ሰው ከጎታ ውስጥ እስከ መቼ ይተነፍሳል?

ይኸኔ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ቆማ የምታይ አዋላጃችን እሜቴ የሺ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችና፣ "ይህማ ምጥ ነው! ሴቶች፣ መቀነታችሁን ፍቱ!" አለች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? ፈታን። መኪናውን ከበን "ማርያም፣ ማርያም!" እያልን አማጥነው። አስተርጓሚው ምን ብሎ ይተርጉመው? ሹፌሩ አፉን ከፍቶ አየን። ከዚያ ቀጭኗን የቤንዚን ቧንቧ ነቅሎ በአፉ ቢነፋት ጭቃ ተፋች። ገጠማት፤ ብረቱን አዞረ። አቃሰተ፣ አቃሰተና… ተንደቀደቀ! እሜቴ የሺ ወንድ ልጅ እንደተወለደ እልልታዋን አቀለጠችው። ጣሊያኖቹ የወደድናቸው መስሏቸው እጃቸውን እያወዛወዙ ሄዱ። ቧንቧዋ ናት፣ ማርያም ናት? እኔ እንጃ፣ ብቻ ተገላገልን።

ሮጬ ክዳኑን ባነሳ ባለቤቴ ቅንድባቸው ሳይቀር ጤፍ ለብሰው ወጡ። አመሰገኑኝ? ምን ሲደረግ! "የጠላትን መኪና በማርያም ስም ታስነሻለሽ? አንቺ የማን ወገን ነሽ?" ብለው አንባረቁብኝ።

ቀኑን ሙሉ በሰው ሳል ስስል ለዋልሁት ለኔ፣ የክርክር አቅም ከየት ይምጣ? የጎታውን ክዳን ይዤ፣ "እንግዲያው ጌታው፣ ተመልሰው ይግቡ" አልኋቸው፤ "መኪናው ዳገቱን አልጨረሰም፣ ሮጬ ላስመልሰው።"