ምርጫ የማያልፋቸው ጭቃ ሹም

ሹመት የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኛን አያ ደምሌን ካላያችሁ፣ አላያችሁም። ቡሬ አጠገብ ያለው መንደራችን በየዓመቱ ጭቃ ሹም ሲመርጥ፣ አያ ደምሌ ይነሱና የትውልድ ሐረጋቸውን መሬቱን ካቀናው አባት ጀምረው ይቆጥራሉ። ገና መሀል ሳይደርሱ ሰው ይሰለቻል፤ «ተመርጠዋል! ይቀመጡልን!» ይላቸዋል። ጣሊያን ከገባም በኋላ ያው ነበር።

አንድ ቀን ጣሊያኖች አያ ደምሌን መንገድ አስመርተው ጠመንጃ ፍለጋ ደጄ መጡ። አንድያ ልጄ አበጀ ከነጠመንጃው ጓሮ ካለው ጎተራ ውስጥ ተደብቋል። እኔ እንኳን ለዚህ፣ ሲያስለውም እንቅልፍ የለኝ።

«ይህ ቤት የማን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

አያ ደምሌ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «የማን እንደሆነ ለማወቅ፣ መጀመሪያ መሬቱን ማን እንዳቀናው ማወቅ ያሻል» ብለው ጀመሩ።

«ያሳጥሩት እንጂ!»

«የሰው ርስት ያጥራል እንዴ፣ ልጄ? አንድ አያት ብዘል ዘሩ ሁሉ ይከሰኛል!»

አስተርጓሚው አላበው፤ የጣሊያኖቹ አለቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ወታደሮቹም ከበው ያዩ ጀመር። እኔ «ጥጃዬን ልይ» ብዬ ወደ ጓሮ ዞርኩና የጎተራውን ክዳን አነሳሁ።

«ውጣ ልጄ፣ አያ ደምሌ ገና ቅድመ አያትህ ጋ አልደረሱም!»

ከነጠመንጃው በጓሮው በቆሎ መሀል ሾልኮ ሄደ። በኋላ ጎተራውን ሲበረብሩ ያገኙት እህል ብቻ ነው። የአያ ደምሌን ጉልበት ልስም ብሄድ አኩርፈዋል።

«የአበጀ እናት፣ ዋናው ጋ ስደርስ አቋረጡኝ እኮ!»

በሚቀጥለው ምርጫ ሰዉ እንደ ልማዱ «ይቀመጡልን!» ሲል፣ ከሴቶቹ መሀል ብድግ አልኩ።

«ተዉአቸው» አልኩ፤ «ዛሬስ ይጨርሱ!»