ሳቤላ አፏን የዘጋችበት ቀን

ነገር ከደረሰ በኋላ ሁሉን አስቀድማ አውቃ የነበረች ሴት በየሰፈሩ አንዲት አትታጣም። በጣልያን አገር በሲዬና ከተማ፣ በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር፣ ይህ ሹመት የልብስ አጣቢዋ የእሜቴ ኦርሳ ነበር። ድልድዩ ሲናድ፣ "ብዬ ነበር!" የጫማ ሰፊው ሚስት መንታ ስትወልድ፣ "ብዬ ነበር!" አንድ ጊዜ ጋስፓሬ የሚባል የሰፈሩ ሰው ሞተ ተብሎ ሲለቀስ "ብዬ ነበር" አሉ፤ ሟቹ በእግሩ ሲመጣም "እንደማይሞት ብዬ ነበር" አሉ።

ሠዓሊው ቬንቱራ ጎረቤታቸው ነው። የሱፍ ፈታዮች ማኅበር ክርስቶስ ሳይወለድ ልደቱን ተናግራለች የምትባለውን የጥንቷን ነቢይት ሳቤላን በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሥል ሲያዘው፣ ፊት ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። እሜቴ ኦርሳን ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

ሥዕሉ የሚሠራው በእርጥብ ልስን ላይ ነው፤ ልስኑ ከደረቀ ቀለም አይዝም። በማግስቱ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ለበዓሉ ሊያዩት ይመጣሉ፤ የሳቤላ ፊት ካልደረሰ የቀሩት ግድግዳዎች ለሌላ ሠዓሊ ይሰጣሉ። ቬንቱራ ስለቸኮለ ከግንባር እስከ ደረት ባንዴ ለሰነ።

"አበዛኸው ልጄ" አሉ እሜቴ ኦርሳ። "የዛሬ ነፋስ አንሶላውን ገና ሳሰጣው ነው የሚያደርቅብኝ። ጥቂት ጥቂት እያልክ ለስን።"

"እሜቴ፣ እርስዎ ልብስዎን ይጠቡ፣ ግድግዳውን ለእኔ ይተዉት።"

"ይሁንልህ። ብቻ ብያለሁ።"

ቀትር ላይ ዓይንና አፍንጫው አልቆ ወደ አፍ ሲወርድ ብሩሹ ቧጨረ። ልስኑ ደርቋል። ቬንቱራ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያችን ቃል ጠበቀ። በሕይወታቸው በእውነት አስቀድመው የተናገሩት ይህን ብቻ ነውና፣ ቢሉት ይገባቸው ነበር።

ቃሏ አልመጣችም። ዓይኑን ሲገልጥ እሜቴ ኦርሳ ከቅርጫታቸው የሰው እርጥብ አንሶላ እያወጡ መስኮቱ ላይ ይሰቅላሉ። ነፋሱን ጋርደው ሲጨርሱ ተመልሰው ተቀመጡ፤ አገጫቸውንም ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉ። ቬንቱራ የደረቀውን ጠርቦ ጣለና መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ለሰነ። እስኪጨርስ ድረስ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሥዕሉን ወደዱት። የሰፈሩ ሰው ግን አጉረመረመ፦ "ፊቱስ እሳቸው ናቸው። ይሄ የተዘጋ አፍ ግን የማን ነው?"

እሜቴ ኦርሳ ማንበብ አይችሉም። ነቢይቱ በያዘችው ጥቅልል ላይ በላቲን የተጻፈውን አሻቅበው አዩ።

"ምን ይላል ልጄ? የወንጌል ቃል ነው?"

"'ብዬ ነበር' ይላል፣ እሜቴ።"

የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ቬንቱራ፣ ደግሞ ዝም ሊሉብኝ ነው ብሎ ፈራ።

"ያቺ የግድግዳው የግራ ጥግ" አሉ በመጨረሻ፣ "በክረምት ውሃ ታስገባብሃለች። ብያለሁ።"

ቬንቱራ እፎይ አለ።