ሚስት የሌለው ቄስ ያመጣብኝ ጣጣ

ለሌላው ሰው ማግባት የራሱ ጉዳይ ነው። ሊቀስስ ለተሰናዳ ዲያቆን ግን የደብሩ ሁሉ ጉዳይ ነው። ሳያገቡ የሚቀስሱበት አገር እንዳለ እናንተ ታውቁ ይሆናል፤ እኛ መንዞች በጣልያን ጊዜ ከየት እንወቀው?

ያን ጊዜ ከመሐል ሜዳ እልፍ ብሎ ባለው ደብራችን የቀሩት ቄስ አጎቴ መምሬ ደስታ ብቻ ነበሩ። ሌላው ቄስ ጣልያንን ሸሽተው ቆላ ወርደዋል። ቅዳሴ ደግሞ በአንድ ቄስ አይሆንም፤ ታጎለ። ስለዚህ እኔ ዲያቆኑ እንድቀስስ ተቆረጠ። ለዚያ አስቀድሞ ማግባት ግድ ነውና ለመንደራችን ልጅ ለዘነበች ሽማግሌ ተላከ። አባቷ፣ የቁርባን ጋብቻ ፍቺ የለውም ብለው ቢያንገራግሩም ለቤተ ክርስቲያኑ ሲሉ እሺ አሉ። ዘነበችን ከልጅነቴ ጀምሮ የምወዳት እኔ፣ ለቤተ ክርስቲያን ያለኝ ፍቅር በአንድ ቀን እንዴት እንደጨመረ አትጠይቁኝ።

በዚያው ሰሞን ከጣልያን ጦር ጋር የመጣ አንድ የካቶሊክ ቄስ ደብሩን ልይ ብሎ ከነአስተርጓሚው ከች አለ። አጎቴ እንደ ወጉ፣ ባለቤትዎ ደህና ናቸው ወይ ሲሉ ጠየቁት። ሚስት የለኝም አለ። አጎቴ ክው አሉ። ገና በወጣትነቱ ሚስቱ የሞተችበት፣ ዳግም ማግባት የማይችል ቄስ! እግዜር ያጥናዎ ብለው ተነሡ፤ እኛም ተነሣን፤ ሴቶቹማ ማልቀስ ጀመሩ። ፈረንጁ ግራ ገባው። ኧረ አልሞተችም፣ መጀመሪያም አላገባም አለ አስተርጓሚው። ታዲያ መነኩሴ ነው? አይደለም። ወደፊት ሊያገባ ነው? አይችልም። ማን ከለከለው? የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ። እንዲያውም በዚሁ ሰበብ አገሬ ቄስ እያጠረ፣ ያግቡ አያግቡ እየተባለ ያከራክራል አለ ፈረንጁ።

አጎቴ ራሳቸውን ያዙ። እነሱ ጋ ቄስ የጠፋው ሚስት ስለተከለከለ፣ እኛ ጋ ሳያገቡ ስለማይቀሰስ! የቱ ነው ትክክሉ ብለው እኔኑ ጠየቁኝ።

እዚያው ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩት የዘነበች አባት ግን ገብቷቸዋል። ያለ ሚስት የሚቀሰስ ከሆነ ልጄ ምን ታደርግላችኋለች ብለው በማግስቱ ሽማግሌዎቹን መለሱ። አጎቴ፣ ኧረ የእነሱ ሕግ ሌላ የእኛ ሌላ ቢሉ ማን ሰምቷቸው!

እሷ ታስብልኛለች ብዬ ዘነበችን ምንጭ መንገድ ላይ ጠበቅኋት። እሰይ፣ ተገላገልክ፤ እኔም እሺ ያልኩት ቅዳሴ እንዳይታጎል ብዬ እኮ ነው አለችኝ።

ያን ፈረንጅ እንዳያገባ የከለከለው የካቶሊክ ሕግ ነው። እኔን፣ ማተቤን ያልበጠስኩትን የመንዝ ዲያቆን፣ የከለከለኝም ያው የካቶሊክ ሕግ ሆኖ አረፈው።