ጠመንጃ እግሩ

ሊቁ፦ እግሩ ነው አልኩህ!

ጭምቱ፦ እግር ከሆነ ለምን ጠመንጃ ያዘ ጋሼ?

ሊቁ፦ ዘመናዊ ነዋ! በዘመናዊ ጦርነት እግርም ቦዝኖ አይበላም።

ጭምቱ፦ እሺ፣ ሲራመድስ? ጠመንጃውን እየረገጠ ነው የሚሄደው?

ሊቁ፦ የት ይሄዳል? የሱ ሥራ መቆም ነው።

ጭምቱ፦ እሱም አልቆመም።

[ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው፤ "ሊቁ" የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣለት ቢጣራ ራሱ ሆኖ ተገኝቷል። ታናሹ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ከመናገር ማዳመጥ ስለሚቀናው ጭምቱ ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብረት ለበስ የፕላስቲክ ሮቦት፣ ግማሹ ተገጣጥሞ ግማሹ ተበትኖ፣ በጀርባው ተንጋሏል። ጣጣው የመጣው ከሰፈሩ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት ነው። የሊቁ ልብ እሷ ዘንድ ከቀረ ቆይቷል። "ይሄን ዓይነቱንማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገጣጥመው" ብሎ ፊቷ ቢፎክር፣ የሮቦቱን ሳጥን ከመደርደሪያ አውርዳ አስታቀፈችውና "ዛሬ ሱቅ ስዘጋ መጥቼ አየዋለሁ" አለችው። እሱም ሮቦቱን አቁሞ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ "አግቢኝ" ሊላት ቆርጧል። አሁን ልትመጣ ነው፤ ሊቁም ላብ በላብ ሆኗል።]

ጭምቱ፦ መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል እንዲህ አይደለም...

ሊቁ፦ ሥዕል ለሕፃን ነው! አዋቂ ሰው በጭንቅላቱ ነው የሚገጥመው።

ጭምቱ፦ ጭንቅላት ካልክ አይቀር፣ ይኸውልህ።

ሊቁ፦ ምኑ?

ጭምቱ፦ ጭንቅላቱ። መለዋወጫ ነው ብለህ የገፋኸው ክምር ውስጥ አገኘሁት።

ሊቁ፦ [ሮቦቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ] ታዲያ ይሄ አንገቱ ላይ ያለው ምንድነው?

ጭምቱ፦ ጉልበቱ ይመስለኛል።

ሊቁ፦ [ጥቂት አሰበና] የራስ ቁር ነው! ጦረኛ ራሱን ይሸፍናል።

ጭምቱ፦ በጉልበቱ?

ሊቁ፦ አትነዝንዘኝ! ሱፐር ግሉውን አቀብለኝ።

ጭምቱ፦ ሙጫው እኮ ጋሼ...

ሊቁ፦ አቀብለኝ አልኩ እንጂ ተናገር አልኩ?

[ጭምቱ አቀበለው። ሊቁ ጉልበቱን አንገቱ ላይ አጣብቆ እፍ አለበት።]

ጭምቱ፦ ይሄን ሁሉ ብረት ለብሶ ሲያሳክከው በምን ያካል?

ሊቁ፦ ሮቦት አያሳክከውም።

ጭምቱ፦ ሲወጉትስ ያመዋል?

ሊቁ፦ አያመውም። ስሜት የለውም።

ጭምቱ፦ ታዲያ ምን ፈርቶ ነው ብረት የለበሰው?

ሊቁ፦ [ላቡን እየጠረገ] ...ለብርዱ ነው።

ጭምቱ፦ እሱስ ልክ ነው። ዘንድሮ ብርዱ አይጣል ነው።

ሊቁ፦ አሁን ዋናው ነገር አቋቋሙ ነው። አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ሰይፉን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ደረቱን ነፍቶ! ሴት ልጅ ይሄን ስታይ ልቧ ይቀልጣል።

ጭምቱ፦ የምታገባው አንተን ነው ሮቦቱን?

ሊቁ፦ መጥረጊያውን ያዝና እንደሱ ቁምልኝ። ሚዛኑን አንተ ላይ አጠናለሁ።

[ጭምቱ መጥረጊያውን ሰቅሎ በአንድ እግሩ ቆመ። እጅጌው ላይ የቀረው ዱቄት ብን አለ።]

ሊቁ፦ ደረትህን ንፋ! ተቆጣ!

ጭምቱ፦ ማን ላይ?

ሊቁ፦ ጠላትህ ላይ!

ጭምቱ፦ ጠላት የለኝም ጋሼ።

ሊቁ፦ ሰው እንዴት አንድ ጠላት ያጣል? ጎረቤት የለህም?

ጭምቱ፦ አለኝ፣ ግን ጥሩ ሰዎች...

[ተንገዳገደ፤ ወንበር ጨብጦ፣ ከነወንበሩ ወደቀ።]

ጭምቱ፦ [ከወለሉ ላይ] እኔ ደህና እግር ያለኝ ካልቆምኩ እሱ በጠመንጃ እንዴት ይቆማል? ለምን አናስቀምጠውም?

ሊቁ፦ ጀግና ይቀመጣል?

ጭምቱ፦ ካሸነፈ በኋላ ምን ያደርጋል ታዲያ?

ሊቁ፦ ይቆማል! ሐውልት አይተህ አታውቅም?

ጭምቱ፦ ሐውልት የሚቆምለት እኮ የሞተ ሰው ነው።

ሊቁ፦ በቃ! እግሩን ከጠረጴዛው ጋር አጣብቀዋለሁ።

ጭምቱ፦ እራት ምን ላይ ልንበላ ነው?

ሊቁ፦ ከሱ ጋር!

[ሱፐር ግሉውን ሳይሰስት አፈሰሰው፤ ጣቶቹንም አዳረሰ። ሮቦቱን ትከሻና ትከሻውን ጨብጦ በሁለት እጁ ተጫነው። ሮቦቱ ቆመ።]

ሊቁ፦ አየህ? ዕውቀት ማለት ይሄ ነው!

ጭምቱ፦ እውነትም ቆመ! በል ልቀቀው።

ሊቁ፦ እለቀዋለሁ።

ጭምቱ፦ ልቀቀዋ።

ሊቁ፦ ለጊዜው አብሬው ብቆይ ይሻላል።

ጭምቱ፦ እጅህ ተጣበቀ እንዴ?

ሊቁ፦ ምን ይጣበቃል! እየደገፍኩት ነው!

[በሩ ተንኳኳ።]

ሊቁ፦ ወየው ጉዴ! እሷ ናት! ጎትተኝ!

[ጭምቱ ወገቡን ይዞ ጎተተው። ሊቁ መጣ፣ ሮቦቱ መጣ፣ ጠረጴዛውም ተከትሎ መጣ።]

ጭምቱ፦ አይላቀቅም። ሙጫው ከነጭራሹም አያስፈልግም ነበር፤ ሲጫኑት ብቻ ቀጭ ብሎ ይገጥማል።

ሊቁ፦ ማን አለህ?

ጭምቱ፦ እሷ ናታ። ሙጫውን የገዛሁት ከሷ ሱቅ ነው።

ሊቁ፦ ሌላ ሱቅ ጠፍቶ!

ጭምቱ፦ ቅርቡ እሱ ነው። ለሮቦቱ ነው ብላት ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

ሊቁ፦ አለቀልኝ! ጉዴን አፍልተኸዋል!

ጭምቱ፦ ኧረ አላለቀልህም። "አላውቅም የምትል ቃል ካፉ ብትወጣ ዛሬውኑ እሺ እለው ነበር፤ ግን እንዳትነግረው" ብላኛለች።

ሊቁ፦ እንዳትነግረው ካለችህ ለምን ነገርከኝ?

ጭምቱ፦ ውይ!

ሊቁ፦ ተወው፣ ደግ አደረግህ። ሂድ ክፈት፣ ግን እንዳታስገባት! እንዲህ ሆኜ እንዳታየኝ። የምትለውን አምጣልኝ፣ የምልህን ውሰድላት።

[ጭምቱ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አወጣና ተመለሰ።]

ጭምቱ፦ ሮቦቱ ቆመ ወይ ትላለች።

ሊቁ፦ አላውቅም በላት!

[ሄዶ መጣ።]

ጭምቱ፦ እንዴት እንደሚገጠምስ ያውቃል ወይ ትላለች።

ሊቁ፦ አላውቅም!

[ሄዶ መጣ።]

ጭምቱ፦ ሳቀች ጋሼ። ደስ ብሏታል።

ሊቁ፦ አላልኩህም? እንዲህ ያለ ቃል ይዤ እስከዛሬ ሳልጠቀምበት! ቀጥል፣ ቀጥል!

[ጭምቱ ሄዶ መጣ። አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጓል።]

ጭምቱ፦ የምር ይወደኛል ወይ ትላለች።

ሊቁ፦ አላውቅም በላት!

ጭምቱ፦ ጋሼ...

ሊቁ፦ አላውቅም! ጮክ ብለህ ንገራት! የሠራ መድኃኒት አይቀየርም።

[ጭምቱ ወንድሙን ትክ ብሎ አየውና ወጣ። ከበሩ ወዲያ ያለው ሹክሹክታ ረዘመ። ሊቁ የግንባሩን ላብ ትከሻው ላይ ጠረገና ድል እንዳደረገ ሰው ፈገግ ብሎ ጠበቀ።]

ሊቁ፦ ነገርካት?

ጭምቱ፦ አልነገርኳትም።

ሊቁ፦ ምን?

ጭምቱ፦ እሱ አያውቅም፣ እኔ ግን አውቃለሁ አልኳት። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው፣ በእንቅልፍ ልቡ ስምሽን ሲጠራ እሰማዋለሁ አልኳት። እርሳስ ለመግዛት ነው እያለ የሚመላለሰው ለሰበቡ ነው፤ ቤታችን በእርሳስ ተሞላ፣ የሚጽፍበት ግን የለም አልኳት።

[ሊቁ ምን ተጠይቆ ምን እንደመለሰ አሁን ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።]

ሊቁ፦ እሷስ... ምን አለች?

ጭምቱ፦ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይዛ መጥታለች፤ ሙጫም ያስለቅቃል አለች። ሙጫውን እንደሸጠችልኝ ነው ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው፤ "እጁ መጣበቁ አይቀርም" ብላ። ግን አልሰጠችኝም። "ይቺን አንዷን መልስ ካንተ ሳይሆን ከራሱ አፍ ነው የምሰማት" አለች።

ሊቁ፦ እንዴት አድርጌ ልሂድ? ከነሮቦቱ?

ጭምቱ፦ ከነጠረጴዛው ነው እንጂ!

[ሊቁ ሮቦቱን እንደያዘ ጠረጴዛውን ጎተተ። ጭምቱ ከኋላ ገፋ። በሩ ላይ ጠረጴዛው አልወጣም ብሎ ተገተረ። ሊቁ በሮቦቱ ሰይፍ ላይ አንገቱን አሰገገና፣ በዕድሜው ሙሉ አንድም ቀን ሳይጠራጠር ያወቀውን ብቸኛ ነገር፣ በቀጭን ድምፅ ነገራት። ጭምቱ ልማድ ሆኖበት በጠረጴዛው ሥር ሾልኮ ወጣና ተመለሰ።]

ጭምቱ፦ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ይድገመው ትላለች።