ውሃ የገባበት ዘመን

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ፤ እሱ ባለበት በአሮጌ ግንብ አጠገብ በሰላም ማለፍ የለም። እናንተ ዳቦ ልትገዙ ነው የወጣችሁት። እሱ እጃችሁን ይይዝና ግንቡን ያስነካችኋል። "ይህን ድንጋይ ዝም ብለህ አትየው" ይላል። እኔ እኮ ዝም ብዬም አላየሁትም፤ ጭራሹን አላየሁትም ነበር። ድሮ የዚህ ዓይነቱ ሰው ጉዳት በክንዱ ርቀት ከተገኘ መንገደኛ አያልፍም ነበር። አሁን ስልክ በእጁ ገባ።

በእኛ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ክቡርነታቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ያልገቡበት ግቢ የለም፤ ያላሯሯጣቸው ውሻም የለም። ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ሳምንት "የአካባቢያችን ቅርሶች" የሚል የቪዲዮ ገጽ ከፈቱ። ስልኩን የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ።

ለምን እኔ እንደተመረጥኩ ጠይቄያቸዋለሁ። "እጅህ አይንቀጠቀጥም" አሉኝ። እጄ የማይንቀጠቀጠው ለመንቀጥቀጥ የሚሆን አቅም ስለሌለው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፤ የጎደለ ፊደል ስፈልግ ዓይኔ ይፈዛል፣ ወገቤ ይደርቃል። ቅዳሜ ጠዋት የእኔ ነበረች። "ለአንድ ቅዳሜ ብቻ" ነበር የተባልኩት። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነና ይኸው ስድሳ አራት ቪዲዮ ሞላን።

አጀማመራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ይቆልፋሉ። ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድ እጃቸውን ግንቡ ላይ ያሳርፉና፣ "የተከበራችሁ የታሪክ ወዳጆች! እነሆ፣ ድንጋዩ ሊናገር ነው!" ይላሉ። ድንጋዩ እስከ ዛሬ ተናግሮ አያውቅም። ተራ አልደረሰውም።

ቀጥሎ "እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል" ይመጣል። ይህን የሚሉት ለሩብ ሰዓት ያህል ከቆምን በኋላ ነው። መዝጊያው ደግሞ "ቤተሰብ ሁኑ!" ነው፤ ገጹን ተከታተሉ ለማለት። እህቴ አንድም ቪዲዮ አይታ አታውቅም፤ ይህችን ቃል ግን ቤት ውስጥ ሲለማመዱ ስትሰማ "መጀመሪያ እሱ ራሱ ቤተሰብ ይሁን" ትላለች። ትልና ቅዳሜ ሲደርስ ኮታቸውን ቦርሻ፣ "ይዘህልኝ ውጣ" ብላ እሳቸውን ታስረክበኛለች።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ቃል ነው፤ "እንደገና!" የጭነት መኪና አለፈ፣ እንደገና! ዶሮ ጮኸ፣ እንደገና! አንዱ ቁልፍ ሳይቆለፍ ቀርቷል፣ እንደገና! የድንጋዩን ድልድይ ሰባት ጊዜ ቀርጸነዋል። በሰባተኛው ላይ ድልድዩም የሰለቸው መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ አሮጌው ፖስታ ቤት በር ላይ ጥበቃው ዱላውን ይዞ መጣብን።

"ፈቃድ አላችሁ?"

"ፈቃድ?" አሉ ክቡርነታቸው። "ልጄ፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ቆጣሪ እንዳለ ታውቃለህ?"

ጥበቃው አያውቅም ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዱላውን እኔን አስይዞ፣ ከእሳቸው ጎን ቆሞ ስለ ጣሪያው ክዳን ለታሪክ ወዳጆች ያስረዳል። እኔ በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ዱላ ይዤ ቀረሁ። አንድ መንገደኛ መጥቶ "ዛሬ ክፍት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ክፍት ነው አልኩት።

ሌላ ቅዳሜ ደግሞ በሩ ባለ ቅስት ወደሆነ ቤት ሄድን። የቤቱ እመቤት ልብስ እያሰጡ ደረስንባቸው።

"ወንድሜ፣ የባሌን ሱሪ ለዓለም ልታሳይ ነው?"

"እመቤት፣ እኛ የምናነሳው ቅስቱን ነው።"

"ሱሪው የተሰጣው እኮ ቅስቱ ላይ ነው።"

እውነታቸውን ነበር። ቪዲዮው ከነሱሪው ወጣ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው አየው። እስካሁን የሚስተካከለው አልተገኘም። ሌላውን ቢበዛ ሠላሳ ስምንት ሰው ያየዋል፤ ከሠላሳ ስምንቱም አሥሩ እኔ ነኝ፣ "ገብቷል ወይ? እስቲ እየው" እየተባልኩ።

ዘመን ሲጠሩ ግን አይጣል ነው። "ይመስለኛል" የሚባል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ይህ ቤት በዚህ ዓመት፣ በዚህ ወር ተሠራ፤ አለቀ። የላስቲክ ልባስ ያላት አንዲት ወፍራም ደብተር አለቻቸው፤ ከመቅረጻችን በፊት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይገልጧታል፣ መልሰው ኪሳቸው ይከቷታል። ነገሩ የሚገርመው በእሳቸው ታሪክ ፖስታ ቤቱም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ድልድዩም፣ የሰዓት ማማውም የተሠሩት በአንድ ወቅት ነው። ከተማችን ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት ድንገት ከመሬት ብድግ አለች። ክቡርነታቸው ከሌላ አገር ለሥራ የመጡትም፣ እንደ አጋጣሚ፣ ያኔ ነው።

ይህን ያጋለጡት ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህርት ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ያስተማሩ፣ እኔንም በአርጩሜ ያስጠኑኝ። በስድሳ አራተኛው ቪዲዮ ሥር አስተያየት ጻፉ። "ወንድሜ፣ ድካምዎን አደንቃለሁ። ነገር ግን የድልድዩ ዘመን ትክክል አይደለም። ነፍሷን ይማርና እናቴ በሙሽርነቷ ተሻግራዋለች። ሌሎቹንም መለስ ብዬ አየሁ። እርስዎ የሚነግሩን ቤቶቹ የተሠሩበትን ሳይሆን ውሃ የገባበትን ዘመን ይመስለኛል።"

በትክክል እንደዚያው ነበር። ደብተሯ የየቤቱ ቆጣሪ የተተከለበት ቀን የተመዘገበባት ናት። ድልድይ ቆጣሪ ስለሌለው የቅርብ ጎረቤቱን ዘመን ወስደውለታል። ከመምህርቷ ሥር የጻፉት እንደ መምህርቷ ጨዋ አልነበሩም። "ቆጣሪ አንባቢ ስለ ታሪክ ምን ያውቃል?" አለ አንዱ። ከሱ ሥር በሳቅ ምልክት የተሞላ መስመር ተደረደረ።

ክቡርነታቸው ከዳቦ ሻጭ ጋር ስለ ምድጃ የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ለዚህ ግን አንድ ቃል አልመለሱም። በማግስቱ ቅዳሜ አልደወሉልኝም፤ ተኛሁ። በሚቀጥለውም ተኛሁ። በሦስተኛው ማንም ሳይቀሰቅሰኝ በማለዳ ነቃሁና ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። ያን ያህል የናፈቅኩት ዕረፍት እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት እህቴ ደወለች።

"ናና አናግረው። ሁሉንም ላጥፋው እያለ ነው።"

"ምኑን?"

"ቪዲዮውን ነዋ! ደብተሩን ከቆሻሻ መጣያ አውጥቼ ነው የደበቅኩት። እኔ ብናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። አንተን ይሰማሃል።"

ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ኮቱን ለብሷል፣ አንድም ቁልፍ አልቆለፈም። ከዚህ በኋላ ክቡርነታቸው ማለቱ ይቅርብኝ። እንደዚያ ሆኖ የተቀመጠን ሰው በማዕረግ መጥራት ማሾፍ ይሆንብኛል።

ስልኩን አቀበለኝ። "እንዴት እንደሚጠፋ አላወቅኩም። አንተ ነህ የምታውቀው፤ አጥፋልኝ።"

"ጋሼ፣ ተው እንጂ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቁጥር ተሳስቼ አላውቅም" አለ። "አሁን በሰው ፊት ስድሳ አራት ጊዜ ተሳሳትኩ። አጥፋው ነው የምልህ።"

ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ብጫነው ቅዳሜዬ ለዘላለም ይመለስልኛል። አልዋሽም፣ ይህም ለቅጽበት ታስቦኛል። ግን ከዚያ በፊት መናገር የነበረብኝ ነገር ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት።

"ጋሼ፣ እኔ አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ የወላጆቻችንን ቤት ስንቀርጽ። ይህ ቤት ከተሠራ ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመቱ አልክ። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ የተወለድኩት እዚያው ቤት ውስጥ ነው።"

ወደ እኔ ዞረ። "ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"'እንደገና!' እንዳትል ፈርቼ።"

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "አንተ የሰው ስህተት ስታርም አይደለም እንዴ የምትውለው?" አለችኝ። አፈርኩ። ድካም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ይህን ግን አልሸፈነልኝም። ሰውዬው ስድሳ አራት ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም እኔ ስልክ ይዤ ከፊቱ ነበርኩ።

እህቴ ደብተሩን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ቁጥርና ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። በየመስመሩ ጫፍ ግን በደቃቅ ጽሕፈት ሌላ ነገር አለ። "ማክሰኞ። አሮጊቷ ቧንቧው ሲከፈት አለቀሱ።" "ዓርብ። ልጆቹ በሙሉ ልብሳቸው ታጠቡ፤ እናታቸው አልተቆጣችም።" "ወፍጮ ቤት። ባለቤቱ ቆጣሪው ያየኛል ብሎ ጨርቅ አለበሰው።" ሁለት መቶ ሠላሳ ቤት። አንድም ሰው እንዲህ ብሎ አልጻፈም፤ መምህርቷም ቢሆኑ።

"ጋሼ፣ ይህ እኮ ውሸት አይደለም" አልኩት። "ርዕሱ ነው የተሳሳተው። ስለ ቤቶቹ መሠራት አልክ እንጂ ያለህ ውሃ የገባበት ታሪክ ነው። በእኛ ሙያ ርዕስ ተሳሳተ ተብሎ መጽሐፍ አይቃጠልም። መጨረሻ ላይ አንድ ገጽ እርማት ይጨመራል፣ ይታለፋል።"

"እርማት።" ቃሏን አላምጦ አላምጦ መዋጥ አቃተው። "በአደባባይ ተሳሳትኩ ልበል?"

"አዎ።"

መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ አየ። ከዚያ ከታች ጀምሮ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ።

"ከየት እንጀምር?"

"ከአሥራ ሁለተኛው" አልኩት። "ዝም ያልኩት እዚያ ነው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ የወላጆቻችን ቤት በር ላይ ቆምን፤ ዛሬም እኔ የምኖርበት ነው። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራ መጣች፣ "ልታዘባችሁ ነው" ብላ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እጁን ግንቡ ላይ አሳረፈ። ድንጋዩ ሊናገር ነው አላለም።

"የተከበራችሁ የታሪክ ወዳጆች" አለ። "ዛሬ ድንጋዩ ይቆየንና እኔ ልናገር። ተሳስቻለሁ። ይህ ቤት መቼ እንደተሠራ አላውቅም። የማውቀው ውሃ የገባበትን ቀን ነው፤ ረቡዕ ነበር። የቧንቧውን ቦይ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ያኔ የሰፈሩ ሰው ውሃ የሚቀዳው እታች ካለው ቦኖ ነው። ከዚህ ቤት አንዲት ልጅ ጠዋትና ማታ ጀሪካን ይዛ በቦዩ ዳር ታልፍ ነበር። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆንኩ የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው። የቀኙ በጥቁር ክር ተሰፍቷል።"

ዞር ብል እህቴ የገዛ ጫማዋን ቁልቁል ታያለች።

"ቧንቧው የተከፈተ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ሲደሰት እኔ ከፋኝ። መንገዷን በገዛ እጄ ቆርጬባታለሁ። ከእንግዲህ በዚያ ለማለፍ ምን ምክንያት አላት? በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ሄጄ፣ ከቁፋሮ አውጥታችሁ ቆጣሪ አንባቢ አድርጉኝ አልኩ። ሞኝ ነህ አሉኝ፤ ያኔ ሥራው የሚፈለግ አልነበረም። ቆጣሪ አንባቢ ግን በየወሩ በር ያንኳኳል።"

እኔ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በሩን የምከፍትለትም እኔ ነበርኩ። በወር አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ይመጣ ነበር። አባታችን ቆጣሪው ተበላሽቷል ብሎ ይሰጋ ነበር። እኛ ሰውዬው ሥራውን የሚወድ መስሎን ነበር።

"ሐሙስ ነው" አለች እህቴ ከኋላዬ።

እሱ ቀና አለ።

"ረቡዕማ ጀሪካኔን ይዤ አልፌ የለም እንዴ? አፈር ረጭተህብኝ ነበር። ቧንቧው የተከፈተው ሐሙስ ነው።"

ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ገለጠ። ከመነጽሩ በላይ እሷን አየ፤ መልሶ ደብተሩን አየ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቁጥር ያልተሳሳተው ሰው ደብተሩን ዘጋና ወደ ስልኩ ዞረ።

"ሐሙስ ነው" አለ። "እርማት።"

"ቤተሰብ ሁኑ" ማለቱን ረሳው። እህቴም አላስታወሰችውም። መጥታ ያልተቆለፈችውን የኮቱን ቁልፍ ቆለፈችለት።

የተቀረጸውን አብረን አየነው። መጨረሻው ላይ ግንቡም፣ እሱም፣ ሰማዩም ይንቀጠቀጣሉ።

"እጅህ ተንቀጠቀጠ" አለኝ።

"ደክሞኝ ነው።"

እንደ ልማዱ ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም። "ግድ የለም፣ ይበቃል፤ አንተም ዕረፍ" ብሎ ወደ እህቴ ዞረ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ድሮ ቦዩ በነበረበት በኩል፣ ወደ ታች መራመድ ጀመሩ።

ስልኩን ከፍ አደረግኩ።

"ጋሼ!" አልኩት። "እንደገና!"