ክብርት እመቤት «በምን ታወቀ»

ሁሉም ተስማምቶ ወንበሩን ገፍቶ ሊነሣ ሲል እጁን የሚያወጣ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። የሕፃናትና የቤተሰብ ማእከሉ ሥራ አስኪያጅ ይህን የሚያምኑት ስለደረሰባቸው ነው። ለእርሳቸው የደረሰቻቸው የማእከሉ አጥኚ ነበረች፤ ባልደረቦቿ «ክብርት እመቤት በምን ታወቀ» የሚሏት።

ሴትዮዋ አርፋ መቀመጥ አታውቅም። ዝናብ እየዘነበ ነው ካሏት ተነሥታ መስኮት ከፍታ እጇን ታወጣለች። ባሏ «እወድሻለሁ» ሲላት ምን ብላ እንደምትመልስለት ቢሮው በሙሉ ይጠረጥራል።

ያን የዝናብ ሰሞን ግን ነገሩ ለቀልድ አይመችም ነበር። እናቶች ከሕፃናት ልጆቻቸው ጋር የሚውሉበት የመጫወቻ ክፍል፣ የሚመጣ ሰው ጠፍቶ ሊዘጋ ነው። ስብሰባው በአሥር ደቂቃ ተስማማ፤ እናቶቹ ፍላጎት የላቸውም ተባለ። ሥራ አስኪያጁ የመዝጊያውን ደብዳቤ ሊፈርሙ ብዕር ሲያነሡ እጇ ወጣ።

«በምን ታወቀ?»

«አልመጡማ፣ እህቴ» አሏት፣ ትዕግሥታቸው አልቆ።

ሦስት ሳምንት ስጡኝ ብላ ቤት ለቤት ስትዞር ከረመች። ስትመለስ የእህቷን ሁለት ልጆች ይዛ መጣች። ከበድ የሚለውን ለሥራ አስኪያጁ አሸክማ ክፍሉ ወዳለበት ሦስተኛ ፎቅ መራቻቸው። ሰውዬው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ላብ በላብ ሆነው ግድግዳ ተደገፉ፤ የታቀፉት ልጅ ይንፈራገጣል። ያኔ ነው የነገረቻቸው፦ ካነጋገረቻቸው ሠላሳ ስድስት እናቶች ሃያ ዘጠኙ ከዚሁ ደረጃ ላይ ተመልሰዋል።

ምድር ቤት ያለው ሰፊ ክፍል አንድ ነው፤ እሱም የሥራ አስኪያጁ ቢሮ። እያጉረመረሙ ለመጫወቻው ለቀቁና ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ፣ ደብዳቤውም ተቀደደ።

ሁሉም ሲያጨበጭብ እጇ ወጣ።

«ወደ ታች ስለወረድን መሆኑ በምን ታወቀ? ዝናቡም እኮ ያቆመው ያኔ ነው። ለሁለት ሳምንት ወደ ላይ መልሰን እንየው። ጋሼም ቢሮዎን ያገኛሉ።»

ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ ያንን ደረጃ እየረገሙ ነበር የሚወጡት፤ ቢሯቸውን ክፉኛ ናፍቀዋል። ከታች የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«አይሆንም» አሉ።

«ለምን?»

«እኔ ራሴ ልጅ ይዤ ወጥቼዋለሁ።»

ክብርት እመቤት ደብተሯን ገልጣ ሠላሳ ሰባተኛ ብላ መዘገበቻቸው። እርሳቸውም ኩራት ተሰማቸው፤ እንዳይታወቅባቸው ግን ወረቀት አገላበጡ።

አሁን እሷ ፈቃድ ከወጣች ስብሰባ አይጠሩም። ሰው ቶሎ ሲስማማ ይሰጋሉ።