የአኩሪ አተሩ ሊቅ ጉልበት

የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሊቅ ሆኖ የተመለሰ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ደባርቅም ሊቀ ሊቃውንት ሰጠኝ ነበሯት። እኒህ የግብርና ጡረተኛ በሚሌኒየሙ ዓመት ጎንደር ሰልጥነው ሲመለሱ አንድ ኩንታል አኩሪ አተርና አንድ ትምህርት ይዘው መጡ፤ «ሰው ሲለፋ ጡንቻው ይፈራርሳል፤ አኩሪ አተር ይጠግነዋል። በጥናት ተረጋግጧል!»

ከዚያ ወዲያ ደባርቅ ውስጥ በሰላም የሚደክም ሰው ጠፋ። ከቡይት ራስ ተራራ ድንች ተሸክማ የምትወርደውን ሴት ሸክሟን ሳታወርድ አቁመው ያስተምሯታል። ለቅሶ ቤት ገብተው መቃብር የቆፈሩትን ወጣቶች ክንድ እየጨበጡ ይመክራሉ። ሚስታቸው ፋንታዬ የአንድ ዓመት ጸጥታ ብታገኝ ጃንጥላ ለማስገባት ተስላ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ቁርጡን ነገሯቸው።

«ሰጠኝ፣ አንተ ስቅለትን መቋሚያ ተደግፈህ ነው የምትውለው። ዘንድሮ እንደ ሰው ስገድና ለፋሲካ በእግርህ ቤቴ ና። ከመጣህ አኩሪ አተርህን በሕዝብ ፊት አመሰግናለሁ። ከቀረህ ግን እስከ ከርሞ ስለ ጥናት አንዲት ቃል እንዳልሰማ!»

«እሺ የኔታ! ሃምሳ አምስቱንም ቀን የአኩሪ አተር ሽሮ በልቼ እሰግዳለሁ!»

ፋንታዬ ግን አኩሪ አተሩ የሽሮዋን ጣዕም ስላበላሸባት ኩንታሉን በሙሉ ለመሪጌታ ተማሪዎች ሰጥታ ነበር። መሪጌታም የሚበሉት ከተማሪዎቻቸው ድስት ነው። ሊቀ ሊቃውንት ሰጠኝ የሽምብራ ሽሯቸውን እየጎረሱ ጉልበታቸውን ይዳብሳሉ።

«ይኸው ሲገባ ይታወቀኛል! አንቺስ?»

«እኔንም» ትላለች ፋንታዬ፣ ፊቷን አዙራ።

የስቅለት ዕለት ሰጠኝ ከጠዋት እስከ ማታ ሰገዱ። የፋሲካ ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቴም ተመልሰው ተጋደሙ። ዶሮ ወጡ ቀረበ። ስለ እንቁላሉ ጥቅም እንኳን ትንፍሽ አላሉም። ፋንታዬ ያን ያህል የተመኘችው ጸጥታ ቤቱን ሞላው። አልወደደችውም።

መሪጌታ ቢጠብቁ ቢጠብቁ እንግዳው አልመጣ ሲላቸው ራሳቸው ከተፍ አሉ፤ አረማመዳቸው የሃያ ዓመት ወጣት ነው።

«እንኳን አደረሳችሁ! በል ሰጠኝ፣ እስከ ከርሞ...»

ፋንታዬ ዝም ብትል ዓመቱ የሷ ነበር።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ» አለች። «እሱ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። የሽምብራ ሽሮ ነው ያበላሁት። አኩሪ አተሩን የበሉት እርስዎ ነዎት።»

መሪጌታ ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉት። «እኔስ ዘንድሮ ምን ጸጋ ወረደልኝ ብዬ!»

ከአልጋው ላይ ጩኸት ተሰማ።

«ማነጻጸሪያ! ለጥናት እኮ ያልበላ ሰው ያስፈልጋል! ያ ሰው እኔ ነኝ! በጥናት ተረጋግጧል!»

ሰጠኝ ሊነሱ ሞክረው «ወይኔ!» ብለው ተመልሰው ወደቁ። ወድቀውም ማስረዳታቸውን አላቋረጡም።

ፋንታዬ ከጀርባቸው ትራስ ደገፍ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለቻቸው።